የድሮ ጠላት ለአዲስ ልጅ

በሜይ 2025 «ዶክተር ሁ» በተሰኘው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ላይ አንዲት ጎረቤት ማንነቷን ገለጠች። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚስስ ፍለድ የተባለችው ይህች አሮጊት ከ2023 የገና ዝግጅት ጀምሮ በየመሃሉ ብቅ ትል፣ አንዳንዴም ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች ተመልካቹን ታናግር ነበር። «ማን ትሆን?» የሚለው ጥያቄ አድናቂዎችን ከአንድ ዓመት በላይ ሲያከራክር ከቆየ በኋላ መልሱ መጣ። ራኒ ናት! በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው፣ ሰውን እንደ ላቦራቶሪ አይጥ የምትቆጥረው ክፉ ሳይንቲስት።

የድሮዎቹ አድናቂዎች «ራኒ መቼ ትመለሳለች?» እያሉ ዓመታት ስለቆጠሩ ለብዙዎቹ ዕለቱ የድል ቀን ሆነ። ለአዲሶቹ ተመልካቾች ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ራኒ ደግሞ ማን ናት? አባት ከሶፋው ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ልጁ ስክሪኑን ትቶ የአባቱን ፊት የሚያይበት ዓይነት ጊዜ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የቆየ ምርት አዲስ ልብስ አልብሶ ገበያ ላይ መመለስ በየዕለቱ ከምናስባቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ ይህ ክርክር ይስበኛል። ግን ጉዳዩ ከገበያም ያልፋል። በቤተሰብ የሚታይ ድራማ ውስጥ የትኛው ክፉ ይመለስ፣ ምን መልክ ይዞ ይመለስ ብሎ መወሰን ልጆች ምንን እንዲፈሩ እናድርግ ብሎ መወሰን ነው። ይህ ደግሞ የእኛም፣ የወላጆች፣ ጉዳይ ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ

«ዶክተር ሁ» በቢቢሲ መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዶክተሩ ሰው ይመስላል እንጂ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ከውጭ ሲያዩት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል መንኮራኩር በጊዜና በህዋ ውስጥ የሚጓዝ ፍጡር ነው። ሊሞት ሲል መልኩና ጠባዩ ይለወጣል። ይህ ዘዴ ተዋናይ እየተቀየረ ድራማው እንዲቀጥል አስችሏል። በ2023 ሚናውን የተረከበው ንኩቲ ጋትዋ ለምሳሌ በኪጋሊ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገ ነው።

ድራማው በ1989 ተቋረጠ። በ1996 ከተሠራው አንድ የቴሌቪዥን ፊልም በቀር ለ16 ዓመታት ከስክሪን ጠፋ። በማርች 2005 ራስል ቲ ዴቪስ በተባለው ጸሐፊ መሪነት ተመለሰ። አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ቅዳሜ ምሽት ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ያየውን ነገር ለልጆቹ መልሶ ማሳየት ቀላል አይደለም። ወላጆቹ ያረጁትን ጠላቶች ይናፍቃሉ። ልጆቹ ግን ስማቸውን እንኳ አያውቁም። ታዲያ ለማን ይሠራ?

በአንድ ዳሌክ መጀመር

ዴቪስ በ2005 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ እንደ ትምህርት የሚጠቀስ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ያመጣው ዝነኛውን ጠላት አልነበረም። በ1970 የታዩትን፣ የልብስ መደብር አሻንጉሊት ሰዎች የሚመስሉትን አውቶኖች ነው ያመጣው። ከመስኮት ውስጥ ቆሞ ልብስ የሚያሳየው የፕላስቲክ ሰው ድንገት ሲራመድ አስቡት። ይህ እንዲያስፈራ ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በሱቅ ፊት ያለፈ ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

ዝነኛው ጠላት፣ ዳሌክ፣ የመጣው በስድስተኛው ክፍል ነው። የመጣውም አንድ ብቻ ሆኖ፣ በአንድ ቢሊየነር የምድር ቤት ሙዚየም ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ዳሌክ የበርበሬ መነስነሻ ዕቃ የሚመስል የብረት ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ ፍጡር ሲሆን አንዱ እጁ የተደፈነ ገንዳ የሚከፈትበትን የጎማ መምጠጫ ይመስላል። እንግሊዞች በዚህ ለዓመታት ሲስቁ ኖረዋል። «ደረጃ መውጣት የማይችል ጠላት ምኑ ያስፈራል?» የሚለው ቀልድም የታወቀ ነበር። በ1988 አንድ ዳሌክ ደረጃ ሲወጣ ቢታይም ቀልዱ አልሞተም።

የ2005ቱ ክፍል ደራሲ ሮበርት ሺርማን እነዚህን ቀልዶች አልሸሸጋቸውም። አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ፍርሃት ለወጣቸው። ያ የሚሳቅበት መምጠጫ ሰው ገደለ። ዳሌኩ ደረጃው ሥር ሲደርስ ሰዎቹ አምልጠናል ብለው ቆሙ። እሱ ግን ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በአምስት ክፍሎች ምንም የማያስደነግጠው ሆኖ የታየው ዶክተር ይህን ፍጡር ሲያይ በሩን እየደበደበ «አውጡኝ» አለ። ዳሌክን አይቶ የማያውቅ ልጅ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ተረዳ። ጀግናው ከፈራ ነገሩ ከባድ ነው።

በእኛ ሙያ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ደንበኛው ስለ ምርቱ የሚያነሣውን ቅሬታ ሳይክዱ መመለስ ማለት ይህ ነው። የድሮው ደንበኛ ትዝታው ተከበረለት፤ አዲሱም ማብራሪያ ሳያስፈልገው ገባው።

ይህ ሁሉ ላይሆንም ይችል ነበር። የዳሌክ የመብት ድርሻ ፈጣሪያቸው የሆነው የደራሲው ቴሪ ኔሽን ወራሾችም ስለነበር በ2004 ድርድሩ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። መጀመሪያውኑም በ1963 የድራማው ጠንሳሽ ሲድኒ ኒውማን ታሪክና ሳይንስ የሚያስተምር ፕሮግራም እንጂ ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች እንዲታዩበት አልፈለገም። ያኔ 30 ዓመት ያልሞላት ፕሮዲውሰር ቬሪቲ ላምበርት ተከራክራ ነው ዳሌኮች የታዩት። ዛሬ «ካለነሱ ድራማው ድራማ አይሆንም» የሚባልላቸው ፍጥረቶች አንድ ቀን አይሆኑም የተባሉ አዲሶች ነበሩ።

ሲበዛ ማርም ይመራል

ችግሩ የመጣው ከስኬቱ ኋላ ነው። በዚያው ሲዝን መጨረሻ የዳሌኮቹ ቁጥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ደረሰ። በ2006 ከሳይበርሜኖች ጋር ተዋጉ፤ በ2007 ኒው ዮርክ ገቡ፤ በ2008 ምድርን ከቦታዋ ነቅለው ወሰዱ። በየጊዜው ተሸነፉ፤ በየጊዜውም ተመለሱ። አንዱ ያስፈራውን ያህል ግማሽ ሚሊዮኑ አላስፈራም የሚሉ አድናቂዎች ጥቂት አይደሉም።

በ2010 ደግሞ መልካቸው ተቀየረ። ገዘፍ ያሉ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ነጭ ቀለም የተቀቡ ዳሌኮች ቀረቡ። ብዙው ተመልካች አልወደዳቸውም። «አሻንጉሊት ለመሸጥ የተደረገ ነው» ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። በ2012 የነሐስ መልክ ያላቸው የቀደሙት ተመልሰው ፊት መስመር ያዙ። ሰው የለመደውን ማሸጊያ ያለ በቂ ምክንያት የቀየረ ኩባንያ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል።

በወቅቱ ድራማውን ይመራ የነበረው ስቲቨን ሞፋት በ2011 ዳሌኮቹ ትንሽ እንዲያርፉ መወሰኑን ተናገረ። ነጥቡ ቀልድም እውነትም ነበረው። ይህን ያህል ጊዜ የተሸነፈ ጠላት ዶክተሩን ሲያይ ገና ከሩቁ ተስፋ ቆርጦ መመለስ ነበረበት።

እዚህ ላይ አድናቂዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «የድሮዎቹ ይረፉ፤ ለአዲስ ሐሳብ ቦታ ይልቀቁ» ይላል። ማስረጃው በ2007 የቀረበው «ብሊንክ» የተሰኘው ክፍል ነው። ስታያቸው ድንጋይ፣ ዓይንህን ስትጨፍን ግን የሚንቀሳቀሱ የመልአክ ሐውልቶች። ምንም የኋላ ታሪክ አልነበራቸውም። ክፍሉ ግን ታላቅ የሚባለውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። ሌላው ወገን ደግሞ «እናቴ የፈራችውን እኔም ፈርቼ፣ ልጄም ሲፈራው ማየት የዚህ ድራማ ትልቁ ሀብት ነው። ይህን ሌላ ድራማ ሊገዛው አይችልም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ «ይመለሱ ወይስ አይመለሱ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርሰንም። የሚሻለው «ምን ይዘው ይመለሱ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሕመሙን ማስታገስ ወይስ ድምፁን መቀነስ?

ሳይበርሜኖችን እንይ። በ1966 የፈጠሯቸው ኪት ፔድለር የተባለ የሕክምና ተመራማሪና ደራሲው ጌሪ ዴቪስ ናቸው። ፔድለርን ያሳሰበው ነገር ግልጽ ነበር። የሰው አካል ክፍሎች አንድ በአንድ በሰው ሠራሽ እየተተኩ ቢሄዱ፣ ሰውነታችን የሚያበቃው የት ላይ ነው? ሳይበርሜኖች ለመዳን ሲሉ ሥጋቸውን በማሽን የቀየሩ፣ በመጨረሻም ስሜታቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው።

በ2006 ሲመለሱ የሚያብረቀርቅ ብረት ለብሰው፣ እግራቸውን እንደ ወታደር እየመቱ ነው። ግርማ ነበራቸው፤ ግን ሮቦት ይመስላሉ። በ2017 ግን ዶክተሩን ይጫወት የነበረው ፒተር ካፓልዲ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳቸው የ1966ቶቹ፣ ፊታቸው በጨርቅ የተሸፈነው፣ ተመለሱ። በወረቀት ላይ ይህ ለሽማግሌ አድናቂ የተሰጠ ስጦታ ይመስላል። ጨርቅ የለበሰ ጠላት ለዛሬ ልጅ ምን ሊሆነው?

መልሱ አንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነበር። ፊታቸው የተሸፈነ ሕሙማን መናገር ስለማይችሉ በእጃቸው ቁልፍ እየነኩ አንድ ማሽን ስለ እነሱ «ያመኛል» ይላል፤ ደጋግሞ። ነርሷ መጥታ አንድ ነገር ታዞራለች፤ ጸጥታ ይሆናል። ሕመሙን አስታገሰችው ብለን ስናስብ ያዞረችው የድምፁን መጠን መቀነሻ መሆኑን እንረዳለን። ሰውዬው አሁንም ያመዋል። የሚሰማው ግን የለም።

ይህን ለመረዳት የ1966ቱን ክፍል ማየት አያስፈልግም። በሆስፒታል ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ፣ «ዝም በል» ተብሎ ያለቀሰ ሕፃን፣ ሁሉም ያውቀዋል። የድሮው ጨርቅ የተመለሰው ለትዝታ ብቻ አልነበረም፤ የጨርቁን ትርጉም ይዞ ነው። በጨርቅ ሥር ሰው አለ።

ክፉ ሰው ይለወጣል?

ማስተር የተባለው ጠላት በ1971 የታየ የዶክተሩ የልጅነት ጓደኛና ባላንጣ ነው። በ2014 ሴት ሆኖ፣ «ሚሲ» ተብሎ፣ በተዋናይት ሚሼል ጎሜዝ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ክርክሩ «ወንድ የነበረ ገጸ ባሕርይ ሴት ይሆናል ወይ?» የሚል ነበር። የጎሜዝ ትወና ግን ብዙ ተቃዋሚዎችን ማርኳል። በ2017 ሚሲ ቀስ በቀስ መልካም ለመሆን ስትታገል አየናት። በ2020 ግን በሳቻ ዳዋን የተተወነው ማስተር ወደ ክፋቱ ተመልሶ መጣ።

«ያ ሁሉ ትግል ከንቱ ሆነ» ብለው ያዘኑ አድናቂዎች አሉ። «ክፉ ካልሆነማ ማስተር አይደለም» የሚሉም አሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ልጆቻችንን «አጥፍተሃል፤ ግን መለወጥ ትችላለህ» እያልን ነው የምናሳድገው። ተመልካቹ ሲለወጥ ያየውን ሰው ያለ ማብራሪያ ወደ ነበረበት መመለስ ለታሪኩ ይመቻል፤ የሚያስተላልፈው መልእክት ግን ሌላ ነው።

የዳቭሮስ ወንበር

ከሁሉም የከረረው ክርክር የተነሣው በኖቬምበር 2023 ነው። ዳቭሮስ ዳሌኮችን የፈጠረ ሳይንቲስት ሲሆን ከ1975 ጀምሮ የሚታወቀው ፊቱ ተቃጥሎ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ የታችኛው ክፍሉ ዳሌክ በሚመስል ተንቀሳቃሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ለሕፃናት የበጎ አድራጎት ዝግጅት በተሠራ አጭር ክፍል ላይ ግን ዳቭሮስ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ጠባሳ ሳይኖርበት ታየ። ታሪኩ ከጉዳቱ በፊት የሆነ ነበር። ዴቪስ ግን ከዚህም አልፎ ምክንያቱን ተናገረ። በዊልቸር የሚሄድን ሰው ከክፋት ጋር የማያያዝ የቆየ ልማድ እንዳለና ዳቭሮስን ከእንግዲህ የሚያዩት በዚህ መልኩ እንደሆነ ገለጸ።

ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የዳቭሮስ ወንበር ዊልቸር ሳይሆን የዳሌክ ግማሽ አካል ነው፤ ሰውዬው ዳሌኮቹን በራሱ አምሳል እንደፈጠረ የሚያሳይ ነው ይላሉ። ክፉ ያደረገውም ጉዳቱ ሳይሆን ጥላቻው ነው። አካል ጉዳተኛ ከሆኑ ተመልካቾችም በሁለቱም ወገን የቆሙ ነበሩ።

ክርክሩን እንደ ታሪክ ጉዳይ ካየነው ተቃዋሚዎቹ ጥሩ ነጥብ አላቸው። እንደ ወላጅ ግን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ምልክትና ስለ አምሳል አይተነትንም። የሚያየው ፊቱ የተቃጠለ፣ መራመድ የማይችል ሰው ክፉ መሆኑን ነው። ነገ ትምህርት ቤት በር ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲያይ ምን ይሰማዋል? በእኛም ቤት ልጆችን ስናስፈራራ የምንጠራቸውን ሰዎች እስቲ እናስታውስ። «እንትና መጥቶ ይወስድሃል» ስንል የምንጠራው ብዙ ጊዜ መልኩ ወይም አረማመዱ ከእኛ የተለየ ምስኪን ነው። ልጁ ፍርሃቱን ይረሳው ይሆናል። ከዚያ ሰው መሸሹ ግን አብሮት ያድጋል።

በ2025 የቀረበው «ዘ ዌል» የተሰኘው ክፍል በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። በ2008 «ሚድናይት» ላይ የታየው፣ መልኩ የማይታወቀው ፍጡር ተመልሶ መጣ። ፍጡሩ ከሰው ጀርባ ይደበቃል። የተደበቀባትን ሴት የተጫወተችው መስማት የተሳናት ተዋናይት ሮዝ ኤይሊንግ-ኤሊስ ናት። ሰዎቹ ሲያወሩ ምን እንዳሉ እንድታውቅ ፊታቸውን ማየት አለባት፤ እነሱም የምልክት ቋንቋ ወይም በጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ ይጠቀማሉ። የመስማት ጉዳቷ የክፋት ምልክት አልሆነም። እሷ እንድትተርፍ የምንመኝላት ሰው ናት። የ2008ቱን ክፍል ያላየ ሰውም ከጀርባው የሆነ ነገር ያለ እየመሰለው ያያል።

የአያ ጅቦ ትምህርት

በዚሁ ዓመት ወደ ራኒ ስንመለስ ልዩነቱ ይታየናል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ሳትሆን ሁለት ራኒዎች ቀረቡ። እሱ ሳይበቃ በ1973 የታየው ኦሜጋ የተባለ ሌላ የድሮ ጠላት ተጨመረ። ኦሜጋ ግዙፍ የአጽም ጭራቅ ሆኖ መጣና አንዷን ራኒ ዋጣት፤ ወዲያው ተሸነፈ። የድሮ አድናቂዎች «ይህ የምናውቀው ኦሜጋ አይደለም» አሉ። አዲሶቹም ማን እንደሆነ ሳያውቁ አለፈ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2024 የተመለሰው ሱቴክ ቢያንስ አንድ ልብ የሚነካ ነገር ነበረው። በ1975 ድምፁን የሰጠው ገብርኤል ዉልፍ ከ49 ዓመታት በኋላ ራሱ ድምፁን ሰጥቶታል። የታሪኩ ማለቂያ ግን ቸኩሏል ያሉ ብዙ ናቸው።

የእኛን ተረት አስቡት። አያ ጅቦ በስንት ተረት ተመልሷል? በስንቱስ ተሸንፏል? ግን «ባለፈው ተረት ገደል ገብቶ አልነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ እምብዛም የለም። ምክንያቱም አያ ጅቦ የሚመጣው የድሮ ታሪኩን ተሸክሞ አይደለም፤ ሆዱን ይዞ ነው። ስግብግብነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። አያት ከአያቷ የሰማችውን ለልጅ ልጇ ስታወራ ማብራሪያ አትጨምርም።

የሚመለስ ጠላት ሁሉ መለኪያው ይህ ይመስለኛል። የድሮውን ያላየ ልጅ ይገባዋል? የሚፈራውስ ሊፈራው የሚገባውን ነው? ቴሪ ኔሽን በጦርነቱ ዘመን በዌልስ ያደገ ሰው ነበር፤ ዳሌኮቹን ሲጽፍ በአእምሮው የነበሩት ናዚዎች ናቸው። ዳሌክ ከእሱ የተለየውን ሁሉ ይጠላል። ልጅ ይህን ቢፈራ ምን ይጎዳዋል? ከድሮ የመጣ ዝነኛ ስም ብቻ ሲመለስ ግን አባትን ያስደስት ይሆናል እንጂ ልጁ ዘንድ አይደርስም።

ይህ ለቤታችንም ይሠራል። በልጅነታችን የወደድነውን ፊልም፣ ተረት ወይም ድራማ ለልጆቻችን ስናሳይ «ይህ እኮ በእኛ ጊዜ…» ብለን ከመጀመራችን በፊት እንተዋቸውና ይዩት። ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ «ከሁሉም ያስፈራሽ ምኑ ነው? አንተንስ?» መልሱ «ሰውየው ክፉ ስለሆነ» ከሆነ አብራችሁ ቀጥሉ። «መልኩ አስቀያሚ ስለሆነ» ከሆነ ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ትንሽ ማውራት ያስፈልጋል። ያቺ ወሬ ከድራማው በላይ ትጠቅማቸዋለች።